የትኛው ሩዋ? በአዲሲቱ ፈረንሳይ የስም ልማድና የዘር ሐረግ ፍለጋ

እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካዊው ደራሲ ጃክ ኬሩዋክ የዘሩን ምንጭ ፍለጋ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኬሩዋክ በ1922 የተወለደው በማሳቹሴትስ ግዛት በሎዌል ከተማ ይሁን እንጂ ወላጆቹ ከኪዩቤክ የፈለሱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ እንግሊዝኛን የለመደውም ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው። በቤተሰቡ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ታሪክ መሠረት የዘራቸው አባት ከብሪታኒ የመጣ ባላባት ነው። ደራሲው ይህን ይዞ ፓሪስ ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ ብሬስት ድረስም ዘለቀ። የፈለገውን ሳያገኝ ተመልሶ ጉዞውን በ1966 በወጣው ‹ሳቶሪ ኢን ፓሪስ› በተባለ ትንሽ መጽሐፉ ተረከው። እርግጥ ቢገኝ ነበር የሚገርመው። ቅድመ አያቱ በ1732 ካፕ-ሴንት-ኢኛስ በሚባል የኪዩቤክ ደብር ሉዊዝ በርኒዬን ሲያገባ የሚታወቀው ‹ለ ብሪስ ደ ኬሩዋክ› በሚል ስም ነበር። በብሪታኒ የተጠመቀው ግን በዚህ ስም አይደለም። ሰውየው የዩልጎአት ተወላጅ፣ የንጉሣዊ ኖታሪ (የውል ጸሐፊ) ልጅ፣ ኡርባን-ፍራንስዋ ለ ቢያን መሆኑ የታወቀው ደራሲው ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። የክርስትና ስሙ ሌላ፣ የቤተሰብ ስሙ ሌላ፤ ከአገሩ ይዞት የተሻገረው ‹ኬርቮአክ› የሚለውን የቦታ ስም ብቻ ሲሆን እሱም በመንገድ ላይ ፊደሉ ተለውጧል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የዘር ሐረግ አጥኚዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ሰውየው ስሙን ደብቋል፣ ወይ ጸሐፊው ተሳስቷል። ሁለቱም ማብራሪያዎች በአንድ ግምት ላይ ይቆማሉ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ትክክለኛ ስም አለው፤ ሌላው ሁሉ ጭምብል ወይም ስሕተት ነው ይላሉ። የለ ቢያንን ጉዳይ መደበቅ ሊያስረዳው ይችል ይሆናል። በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ዳርቻ ሁለትና ሦስት ስም ይዘው በግልጽ፣ በደብርና በፍርድ ቤት ፊት የኖሩትን በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ግን አያስረዳም። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ኑቬል ፍራንስ፣ ማለትም አዲሲቱ ፈረንሳይ፣ በተባለው ቅኝ ግዛት የቤተሰብ ስም ከሁሉ በፊት ‹የትኛው?› ለሚል ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነበር ብዬ ነው። ጥያቄውን የሚያነሣው ቄሱ፣ ኖታሪው ወይም የጦር አለቃው ነው፤ ጠያቂው ሲለወጥ መልሱም ሊለወጥ ይችላል። ይህ ከሆነ በስም ብቻ ቅድመ አያት የሚፈልግ ሰው የሚከተለው የሰዎቹን ጥላ ነው።

ነገሩን በአማርኛ ለመጻፍ አስቀድሞ የቃል ችግር አለ። ‹የአባት ስም› ስንል በየትውልዱ የሚለወጥ፣ የአንድ ሰው የግል ስም የሆነ ነገር ማለታችን ነው፤ እዚህ የምንነጋገርበት ግን ከአያት ለአባት፣ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ የቤት መጠሪያ ስለሆነ ‹የቤተሰብ ስም› ከማለት የተሻለ አላገኘሁም። ከዚህ ጎን የሚቆመው ሁለተኛው ስም በፈረንሳይኛ ‹ዲ› በምትባል ቃል ይያያዛል። ለሴት ‹ዲት› ትሆናለች፤ ትርጉሟም ‹የሚሉት›፣ ‹የሚሏት› ነው። ስለዚህ ‹ሩዋ ዲ ዴዣርዳን› ማለት ‹ዴዣርዳን የሚሉት ሩዋ› ማለት ነው። ቃሏ ራሷ ልብ ማለት ያሻታል። ሰውየው ራሱን የሚጠራበትን አትናገርም፤ ሌሎች የሚሉትን ነው የምትመዘግበው። ስሙ ከማኅበረሰቡ አፍ መውጣቱን ጸሐፊው በአንዲት ፊደል ቢጤ ቃል ያምናል።

ልማዱን በብዛት ያመጡት ወታደሮች ናቸው። ኪዩቤክ በ1608 ብትመሠረትም ሕዝቧ ለረጅም ጊዜ እፍኝ የማይሞላ ነበር፤ አስተዳዳሪው ዣን ታሎን በ1666 ባካሄደው ቆጠራ የተመዘገቡት ሰዎች 3,215 ብቻ ነበሩ። በ1665 የካሪኛን-ሳሊዬር ክፍለ ጦር 1,200 ያህል ሰው ይዞ ሲደርስና ከሦስት ዓመት በኋላ ሲመለስ 400 ያህሉ መሬት ተሰጥቷቸው ቀሩ። በቅኝ ግዛቱ ልክ ሲታይ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። በፈረንሳይ ጦር ደግሞ ተራ ወታደር ሲመዘገብ የጦር ስም ይወጣለት ነበር። ስሞቹ ዛሬ ሲነበቡ እንደ ቀልድ ናቸው። ላፍለር፣ አበባው፤ ላቱሊፕ፣ ቱሊፑ፤ ዦሊከር፣ መልካም ልብ፤ ሳንሱሲ፣ ሐሳብ የለሽ፤ ቫደቦንከር፣ ደስ እያለው የሚሄድ፤ ትራንሽሞንታኝ፣ ተራራ ቆራጭ። ሌሎቹ የአገር ስሞች ናቸው፤ ሻምፓኝ፣ ላንዥቨን፣ ቡርጊኞን፣ ፓሪዝየን። በ1668 ወታደርነት ትተው የሰፈሩት ሰዎች በተመዘገቡበት ዝርዝር ውስጥ ብዙዎቹ ያለ ቤተሰብ ስም፣ በጦር ስማቸው ብቻ ሰፍረው ይገኛሉ። ለክፍለ ጦሩ ጸሐፊ የሚያስፈልገው በአንድ ሻምበል ውስጥ ካሉት ሦስት ዣኖች አንዱን ከሌላው መለየት ነበር፤ ላፍለር ካለ በቃው። ለአማርኛ አንባቢ ይህ የፈረስ ስምን ሳያስታውስ አይቀርም፤ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው እንደማለት። ልዩነቱ ግን ከመመሳሰሉ ይበልጣል። የፈረስ ስም የመሪ ክብር ነው፣ ከባለቤቱም ጋር ያልፋል። የካሪኛን ወታደር ስም የተራ ሰው መለያ ነው፤ ሰውየው ማረሻ ከጨበጠ በኋላም ልጆቹ ይዘውት ይቀጥላሉ።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። አንትዋን ሩዋ በቡርጎኝ የዥዋኚ ተወላጅ፣ በሙያው በርሜል ሠሪ ነበር። ከክፍለ ጦሩ ጋር በ1665 መጣ፤ የጦር ስሙ ዴዣርዳን፣ ‹የአትክልቱ› ማለት ነው። በ1668 ማሪ ማዦርን አገባ። እሷ ከ1663 እስከ 1673 ባለው ጊዜ ንጉሡ ወጪያቸውን ሸፍኖ ለጋብቻ ከላካቸው፣ ‹የንጉሡ ልጆች› ከሚባሉት 770 ያህል ሴቶች አንዷ ናት። አንድ ልጅ፣ ፒየር፣ ወለዱ። አንትዋን በ1684 በሞንትሪያል አጠገብ ባለችው በላሺን ተገደለ፤ የገደለው ዡልየን ታልዋ የሚባል ሰው ሲሆን ምክንያቱም ከገዛ ሚስቱ ጋር ስላገኘው ነው። ታልዋም ሁለተኛ ስም አለው፤ ቫንዳሞን ይሉታል። ሟችም ገዳይም በሁለት ስም ፍርድ ቤት የሚቀርቡበት ይህ ጉዳይ አንድ ነገር ያሳያል። ‹ዲ› ያለበት ስም የሰፈር ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነፍስ ያለፈበት ክስ ላይ ዳኛው ይተወው ነበር። አልተወውም፤ ‹ሩዋ› ብቻ ማለት በቂ ስላልነበረ ነው። ሩዋ ‹ንጉሥ› ማለት ነው፤ በፈረንሳይ በየአውራጃው ሞልቷል፤ ወደ ቅኝ ግዛቱም በዝምድና የማይገናኙ ብዙ ሩዋዎች መጥተዋል። ሩዋ ዲ ሎዝዬ አለ፣ ሩዋ ዲ ፖርትላንስ አለ፣ ሩዋ ዲ ኦዲ አለ። እነዚህን የቤተሰብ ስሙ አያለያያቸውም፤ የሚለየው ከ‹ዲ› በኋላ የሚመጣው ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ተመልሶ ይጠመዘዛል። ላፍለር የሚሏቸው ወታደሮች ብዙ ስለነበሩ ከሁለት ሦስት ትውልድ በኋላ የመጀመሪያውን ስም ጥለው ላፍለር ብቻ የሆኑ ቤተሰቦች በስም አንድ፣ በደም ባዕድ ሆነው ይገኛሉ። በአንድ ዘመን የለየው ስም በሌላው ዘመን ያምታታል።

የላይኛው መደብ ደግሞ ይህንኑ በመሬት አደረገው። ከዲየፕ ወደብ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ ሆኖ የመጣው ሻርል ለ ምዋን በንግድና በጦርነት ከብሮ በ1668 መኳንንት ሲሆን ልጆቹ የተጠሩት በአባታቸው ስም ሳይሆን በየተሰየመላቸው ቦታ ነው፤ ሎንጌይ፣ ሴንት-ኤሌን፣ ኢበርቪል፣ ማሪኩር፣ ሴሪኚ፣ ቢየንቪል፣ ሻቶጌ። ታሪክ መጽሐፍ ላይ ኢበርቪልንና ቢየንቪልን ያየ ሰው ወንድማማቾች መሆናቸውን ከስማቸው ሊያውቅ አይችልም። ከዚህ የሚብሰው ቀጥሎ የሆነው ነው። ቢየንቪል የተባለው ፍራንስዋ በ1691 ረፓንቲኚ ላይ ከኢሮኮይ ተዋጊዎች ጋር በተደረገ ውጊያ ሲሞት ስሙ ወደ ታናሽ ወንድሙ ወደ ዣን-ባቲስት ተላለፈ፤ ልጁ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቱ ገደማ ነበር። በ1718 ኒው ኦርሊንስን የመሠረተው ቢየንቪል ይህ ሁለተኛው ነው። ሻቶጌ የተባለውም በ1694 በሐድሰን ባሕረ ሰላጤ ሲሞት ስሙን ታናሹ አንትዋን ተረከበ። ስሙ እንደ ወንበር ነበር፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይቀመጥበታል። ስምን የደም ማኅተም አድርጎ የሚያይ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ወንድማማቾችን አንድ ሰው አድርጎ ሊቀብራቸው ይችላል።

ይህን ሁሉ የሚይዘው መዝገብ እንዴት እንደሚጻፍ ካላወቅን ግን ማስረጃውን በትክክል አናነብም። የፈረንሳይ ነገሥታት ቄሶች የጥምቀት መዝገብ እንዲይዙ ያዘዙት በ1539 ነው፤ በ1667 የወጣው ሕግ ደግሞ መዝገቡ በሁለት ቅጂ እንዲጻፍ፣ አንዱ በደብሩ ሌላው በፍርድ ቤት እንዲቀመጥ ደነገገ። የኪዩቤክ የመጀመሪያው መዝገብ ግን ከዚህ በፊት አንድ መከራ አይቷል። በ1640 ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል መዝገቡም አብሮ ነደደ፤ የቀደሙት ዓመታት ጥምቀትና ጋብቻ ከሰዎች ትዝታ ተለቅሞ እንደገና ተጻፈ። እንግዲህ የአገሩ ጥንታዊ የስም ሰነድ ራሱ ‹ይሉታል› ነው። ከዚያ በኋላ ባሉትም ዓመታት አንድ የጥምቀት ገጽ ሲገለጥ መልኩ ይመሳሰላል። ቀኑ፣ የልጁ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የእናቱ ስም ከነቤተሰብ ስሟ፣ የክርስትና አባትና እናት፤ ከታች ደግሞ እንዲፈርሙ ቢጠየቁ መጻፍ እንደማይችሉ ተናገሩ የሚል ሐረግ። ስሙን የሚጽፈው የሰማው እንጂ የሚጠራበት ሰው አይደለም። ጊዮን የተባለው ቤተሰብ በአካባቢው አነጋገር ‹ጊ› ወደ ‹ዲ› እየተጠጋ ዲዮን የሆነው በዚህ መንገድ ነው፤ ዘፋኟ ሴሊን ዲዮን የዚሁ የዣን ጊዮን ዘር ናት። ከጊዮን ጋር በ1634 የመጣው አናጢው ዛካሪ ክሉትዬም መፈረም አያውቅም ነበር፤ ውል ሲዋዋል የመጥረቢያ ምስል ነበር የሚስለው። ከዚያ መጥረቢያ የበለጠ ታማኝ ፊርማ አላውቅም፤ ፊደል አይሳሳትበትም።

የክርስትና ስሙም ቢሆን የሚያግዝ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን ስም ብቻ ይሰጥ ትል ነበር፤ ጳጳሱ ሴን-ቫልዬ በ1703 ያሳተሙት የኪዩቤክ ሀገረ ስብከት የሥርዓት መጽሐፍ የሚመረጡ ስሞችን ዝርዝር ጭምር የያዘ ነው። ልጁ ብዙ ጊዜ የክርስትና አባቱን ወይም እናቱን ስም ይወርሳል፤ ሕፃን ሲሞትም ቀጥሎ ለተወለደው ያው ስም ይሰጣል። ውጤቱ ዣን-ባቲስት፣ ፒየርና ማሪ በየቤቱ መሙላታቸው ነው። በኋላ፣ በተለይ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን፣ ወንዱ ሁሉ ዦሴፍ፣ ሴቷ ሁሉ ማሪ ተብለው ከተጠመቁ በኋላ የሚጠሩት በመጨረሻው ስም ሆነ። በዚህ ላይ ቄሱ ከባድ ግዴታ ነበረበት። በዚያ ዘመን ካቶሊካዊው ሕግ እስከ አራተኛ ትውልድ ያለ ዝምድና ጋብቻን ይከለክል ነበር (እኛ እስከ ሰባት ቤት የምንቆጥረውን እነሱ እስከ አራት ይቆጥሩት ነበር)፤ ተጋቢዎቹ ከተዛመዱ ከጳጳሱ ፈቃድ መምጣትና መመዝገብ ነበረበት። በአንድ ደብር አራት ፒየር ሩዋ ካለ ከአራቱ የትኛው የየትኛዋ ሙሽራ የአያቷ ወንድም እንደሆነ ማወቅ የነፍስ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ‹ዲ› ለቄሱ ጌጥ አልነበረችም፤ ሥራውን የሚሠራባት መሣሪያ ነበረች።

ወንዶቹ ስም ሲቀያይሩ ሳይናወጥ የቆመው የሴቶቹ ስም ነው፤ ይህ በተለምዶ ከሚታሰበው ተቃራኒ በመሆኑ ጥቂት መቆየት ይገባል። በቅኝ ግዛቱ የሚሠራበት የፓሪስ ልማዳዊ ሕግ ባልና ሚስት በጋብቻ ያፈሩትን የጋራ ሲያደርግ፣ ከየቤተሰባቸው የወረሱትን ርስት ግን ለየዘራቸው ይጠብቃል፤ ሴትዮዋ ያለ ልጅ ብትሞት የወላጆቿ መሬት ወደ ወላጆቿ ወገን ይመለሳል እንጂ ለባል አይቀርም። እንዲህ ባለ ሕግ ሴት በባሏ ስም ብትጠራ ርስቱ የማን እንደሆነ ይጠፋል። ስለዚህ በደብር መዝገብም ሆነ በኖታሪ ውል፣ አግብታም መበለት ሆናም፣ የምትጻፈው በልደት ስሟ ነው። ዣክ ሚቪል፣ ዴሼን የሚሉት፣ በ1669 ያገባት ካትሪን ደ ባዮን ከመኳንንት የተወለደች ነበረች፤ ዛሬ ብዙ የኪዩቤክ ዘር ቆጣሪዎች እስከ ሻርለማኝ የሚወጡት በእሷ መሰላል ነው። የነገሥታት ዘመድ የመፈለግ ጉጉቱ ብዙም አይማርከኝም፤ ግን መሰላሉ የቆመው ካትሪን ሚቪል ሳትሆን ደ ባዮን ሆና ስለተመዘገበች መሆኑ መነገር አለበት። የኪዩቤክ ሕግ ከ1981 ጀምሮ ያገባች ሴት መብቷን በልደት ስሟ እንድትጠቀም ማድረጉን ብዙዎች እንደ አዲስ ነገር ቆጠሩት፤ የቅኝ ግዛቱ ኖታሪ ግን ቢያየው አይደነግጥም ነበር።

እዚህ ላይ ሊነሣ የሚችለው ጠንካራ ተቃውሞ ችግሩ ተፈትቷል የሚለው ነው። አባ ሲፕርየን ታንጌ ከ1871 እስከ 1890 በሰባት ቅጽ ያሳተሙት የፈረንሳይ ካናዳውያን ቤተሰቦች መዝገበ ትውልድ አለ፤ ሬኔ ዠቴ በ1983 ያወጣው አለ፤ ከሁሉ በላይ ኡበር ሻርቦኖና ዣክ ሌጋሬ በ1966 በሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት የታሪካዊ ሥነ ሕዝብ ጥናት የጥንቱን የደብር መዝገብ በኮምፒውተር አሰባስቦ ግለሰቦችን ከቤተሰብ ቤተሰብ አገናኝቷል። ላፍለርና ላፌለር አንድ ኮድ ከተሰጣቸው ስለ ስም መጨነቅ ምን ይረባል? መልሱ ያለው አጥኚዎቹ ሥራውን በሠሩበት ዘዴ ውስጥ ነው። አንድን ሰው በቤተሰብ ስሙ ብቻ አላገናኙትም፤ መያዣቸው ጥንዶቹ ናቸው፤ የባል ሁለት ስምና የሚስት ሁለት ስም፣ አራቱ በአንድነት። ሩዋ በአንዱ ገጽ ሩዋ፣ በሌላው ዴዣርዳን ቢሆን ሚስቱ ማሪ ማዦር እስከሆነች ድረስ ይታወቃል። እንግዲህ ጥናቱ ስምን በማመን ሳይሆን በዝምድናና በተለይ በሚስት ስም በመደገፍ ነው የተሳካለት፤ ተቃውሞው ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ይኸው ጥናት እስከ 1800 ድረስ ብዙ ያገቡ ዘሮች ያሉት አናጢው ክሉትዬ መሆኑን አሳይቷል፤ 10,850 ናቸው። በሴት ልጆች በኩል የመጡት የሌላ ቤት ስም ስለሚይዙ ክሉትዬ የሚለውን ስም ብቻ የሚለቅም ሰው ብዙዎቹን አያያቸውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ልማዱ ሁሉንም አልነካም የሚል ነው። እውነት ነው። ትሮምብሌ በኪዩቤክ ከሁሉ የበዛ የቤተሰብ ስም ሲሆን፣ በ1657 ኦዛን አሾንን ያገባው ፒየር ትሮምብሌ የሁሉም አባት ነው፤ አንድ ስም፣ አንድ ምንጭ፣ ‹ዲ› የለ። ከሩዋ ጋር ሲነጻጸር ዘር ቆጣሪ የሚመኘው ዓይነት ነው። ግን ከመቶ ሰማንያ ዓመት በኋላ ሻርልቯ በተባለው አካባቢ ምን እንደሆነ እንይ። ትሮምብሌዎቹ በዝተው አካባቢውን ሲሞሉ ስሙ ማንንም የማይለይ ሆነ፤ በ1830ዎቹ መጨረሻ የሳግኔን ሸለቆ ለማቅናት ከሄደው ማኅበር ግንባር ቀደሙ አሌክሲስ ትሮምብሌ ‹ዲ ፒኮቴ› ነው፤ ፒኮቴ ማለት ፈንጣጣ ፊቱን የበሳሳው ማለት ነው። ክፍለ ጦር በሌለበት፣ ከፈረንሳይ ከተለያዩ ሰማንያ ዓመት ሊሞላ በቀረበበት ጊዜ ልማዱ ራሱን ወለደ። የወታደር ውርስ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልታየ ነበር፤ ‹የትኛው ትሮምብሌ?› የሚለው ጥያቄ ነው የጠራው።

ቅጽል ስሙ ራሱ ስለ መነሻ አገር ይመሰክራል የሚሉም አሉ። አንዳንዴ ይመሰክራል። የዣክ አባት ፒየር ሚቪል ‹ለ ስዊስ› ይባል ነበር፤ ከፍሪቡር መምጣቱም በሌላ ሰነድ ይታወቃል፤ በ1665 ለእሱና ለጓደኞቹ የተሰጠው መሬት የፍሪቡር ስዊሶች ካንቶን የተባለ ነው። የአብርሃም ሜዳ በስሙ የሚጠራለት መርከብ መሪው አብርሃም ማርተን ደግሞ ‹ስኮትላንዳዊው› ይባል ነበር፤ ስኮትላንዳዊ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር ግን ከቅጽል ስሙ ውጭ የለም። ሁለቱ ስሞች አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱን የምናምነው ስሙ ስለተናገረ ሳይሆን ሌላ ሰነድ ስላገዘው ነው። ደግሞም የስዊሱ ልጅ ዣክ ‹ዴሼን›፣ የኦክ ዛፎቹ፣ ሲባል ፍሪቡር ከስሙ ወጣች።

ክርክሬ የሚደክምበት ቦታ ግን አለ፤ ጥያቄውን የሚመልሰው የባሪያው ጌታ በሆነበት ጊዜ ነው። በ1629 ኪዩቤክን የያዙት እንግሊዞች አንድ አፍሪካዊ ሕፃን ይዘው መጥተው ሸጡት፤ ከማዳጋስካር እንደመጣ ይነገራል። በ1633 ሲጠመቅ ኦሊቪዬ ለ ዠን ተባለ፤ ኦሊቪዬ ከንግድ ኩባንያው ጸሐፊ ከኦሊቪዬ ለ ታርዲፍ፣ ለ ዠን ካስተማሩት ኢየሱሳዊ ቄስ ከፖል ለ ዠን የተወሰደ ነው። በ1654 እስኪሞት በዚሁ ስም ኖረ። እናቱ ያወጣችለት ስም በየትኛውም ገጽ አልሰፈረም። ታሪክ ጸሐፊው ማርሴል ትሩዴል በቅኝ ግዛቱ የቆጠራቸው ከ4,000 በላይ ባሪያዎች፣ ከሦስቱ ሁለት እጅ ያህሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ልጆች፣ በአብዛኛው የክርስትና ስም ብቻ ይዘው ነው መዝገብ ላይ ያለፉት። ስለ እነሱ ‹ይሉታል› የሚል ማኅበረሰብ አልተጠየቀም። ለሩዋ የሠራው ዘዴ፣ ከስም ወደ ዝምድና መሻገር፣ ለኦሊቪዬ አይሠራም፤ መዝገቡ ዝምድናውንም አብሮ ስለቆረጠው።

በእናት አገር ፈረንሳይ አብዮተኞቹ ኦገስት 23 ቀን 1794 ባወጡት ሕግ ማንም በልደት መዝገቡ ከሰፈረው ስም ሌላ እንዳይጠራ፣ ቅጽልም እንዳይጨምር ከለከሉ። ኪዩቤክ ግን በ1763ቱ የፓሪስ ውል ለእንግሊዝ ተላልፋ ስለነበር ሕጉ አልደረሰባትም፤ ‹ዲ› እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽና ከዚያም በኋላ ኖረች። ያከሰማት ትእዛዝ የለም። ደብተሩ፣ ፋብሪካውና የፖስታ አድራሻው አንድ ስም ብቻ ሲጠይቁ ቤተሰቦች ከሁለቱ አንዱን ያዙ፤ አንዱ ወንድም የፊተኛውን፣ ሌላው የኋለኛውን። ከ1840 እስከ 1930 ወደ አሜሪካ የጨርቃ ጨርቅ ከተሞች ከፈለሱት 900,000 ያህል ሰዎች መካከልም ስማቸውን የተረጎሙ አሉ፤ ሩዋ ኪንግ ሆነ፣ ቧቬር ግሪንውድ። ከአትክልቱ ወገን አልፎንስ የተባለ ልጅ በ1854 በሌቪ ተወለደ፤ አባቱ ፍራንስዋ ሩዋ ዲ ዴዣርዳን፣ እናቱ ክላሪስ ሚቪል ዲ ዴሼን። ሩዋን ተወው፣ ዴዣርዳንን ያዘ። ዲሴምበር 6 ቀን 1900 በዚያችው ከተማ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረተ፤ ከዚያ ያደገው ድርጅት ዛሬ በካናዳ ትልቁ የፋይናንስ ኅብረት ሥራ ነው፤ በኪዩቤክ ከተሞች በር ላይ የተሰቀለው፣ በሚሊዮኖች ኪስ ባለው ካርድ ላይ የታተመው ስምም ላሺን ላይ የተገደለው የዥዋኚ በርሜል ሠሪ ሻምበሉ ውስጥ እንዲለይ የወጣለት ነው።